ቦሆ ልብስና ጌጥ የሚሸጥበት የመንገድ ገበያ፦ እንዴት ይኬዳል፣ እንዴት ይገዛል

የመጀመሪያው ቀን የገዛሁት ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ነበር። ረጅም፣ ሰፊ፣ ታቹ ላይ ትንንሽ መስታወት የተሰፋበት። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ ቀለም አይለቅም፤ እኔ ልሙት» አለኝ። አመንኩት። እዚያው ለብሼው ዋልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሳወልቀው ጭኖቼ ሰማያዊ ሆነዋል። ነጭ የነበረው የጨርቅ ቦርሳዬም ሰማያዊ ሆኗል። ከመስታወቶቹ ሦስቱ መንገድ ላይ ረግፈዋል። ያንን ቀሚስ ለማወቅ ይበቃኝ የነበረው እርጥብ ሶፍትና አንድ ደቂቃ ነው።

እንዲህ ያለው ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ይቆማል። ቦታው ሰፋ ይላል፣ ኪራዩም ይቀላል። መንገዱ ይዘጋል፣ ሸራ ይወጠራል፣ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ላይ መሬት የሚነኩ ቀሚሶች፣ ጥልፍ ያለባቸው ሸሚዞች፣ ዘርፍ የተንጠለጠለባቸው ቦርሳዎች ይሰቀላሉ። መሬት ላይ ደግሞ ምንጣፍ ተነጥፎ አምባርና ዶቃ ይደረደራል። ዕጣን ይሸታል፣ አንድ ሰው ጊታር ይመታል። ሙዱ ደስ ይላል። ችግሩም እሱ ነው፤ ሙዱ ነው የሚያስገዛችሁ። እኔ የማስተምራችሁ እጃችሁ ከሙዱ ቀድሞ እንዲሠራ ነው።

«ቦሆ» ስለሚለው ስም ትንሽ ልበልና ወደ ሥራው እንግባ፤ የ«ቦሂሚያን» ማሳጠሪያ ነው። ቦሂሚያ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ አካል የሆነ አገር ነው። ፈረንሳዮች ሮማ (በተለምዶ ጂፕሲ) የሚባለው ሕዝብ ከዚያ የመጣ መስሏቸው «ቦሂሚያን» ይሉት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ፓሪስ ውስጥ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ እንዳሻቸው ወደሚኖሩት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ዞረ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሂፒዎች፣ ከተለመደው ኑሮ ያፈነገጡ ወጣቶች፣ መጡ። ከኢስታንቡል ተነስተው፣ ኢራንንና አፍጋኒስታንን አቋርጠው እስከ ሕንድና ኔፓል በመኪና ይጓዙ ነበር። ሲመለሱ የአፍጋን ካፖርት፣ የሕንድ ጥልፍና የብር አምባር ይዘው ነው። ዛሬ ገመዱ ላይ የሚታየው ቅይጥ ከዚያ ጉዞ የተረፈ ነው። ለዚህም ነው አንድ መደብ ላይ የአምስት አገር ዕቃ የምታገኙት።

1. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ባዶ መንገድ አይቶ የሚመለሰው በዚህ ነው። በስፔኗ ኢቢዛ ደሴት ኤስ ካናር የሚቆመው የሂፒ ገበያና በሕንድ ጎዋ የሚቆመው የአንጁና ገበያ ሁለቱም የረቡዕ ገበያ ናቸው። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አይቆሙም፤ የኢቢዛው በሙቀቱ ወራት፣ የጎዋው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ወቅቱንም ጠይቁ። ዝናብ ከጣለ ግማሹ ሻጭ ላይወጣ ይችላል።

አለባበሳችሁ ቀላል ይሁን። መለኪያ ክፍል የለም፤ ቢኖርም በሁለት ገመድ መሀል የተጋረደ አንሶላ ነው። ከላይ ጠበቅ ያለ ካኔቴራ፣ ከታች ታይት ልበሱ። ቀሚሱንም ሸሚዙንም ከላያቸው ደርባችሁ መለካት ትችላላችሁ። ጫማው ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ትልቅ ጉትቻ አታድርጉ፤ አንገት ስታስገቡ ጥልፉ ላይ ይያዛል፤ ወይ ጥልፉ ይተረተራል፣ ወይ ጆሯችሁ።

ቦርሳችሁ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ የልብስ ሜትር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ነጭ መሐረብ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ትንሽ ማግኔት፣ ውኃ፣ የሚታጠፍ የጨርቅ ከረጢት። ገንዘቡን በትንንሽ ኖት ያዙ፤ ለሁለት ከፍላችሁም ለየብቻ አስቀምጡት። ለምን እንደሆነ ዋጋው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አንድ የቤት ሥራም አለ። ከሁሉም የሚመቻችሁን ቀሚስና ሸሚዝ አልጋ ላይ ዘርጉ። ደረቱን ከብብት እስከ ብብት፣ ወገቡን፣ ቁመቱን ለኩና ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ገበያው ውስጥ «ፍሪ ሳይዝ» የሚል ወረቀት ታያላችሁ። ፍሪ ሳይዝ የሚባል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

2. ስንት ሰዓት ይኬድ?

በጠዋት የሄደ ይመርጣል፣ አመሻሽ ላይ የሄደ በርካሽ ይገዛል። ጠዋት ሻጩ አልደከመውም፣ ያወራችኋል፤ እናንተም ሳትገፉ ዕቃ ታገላብጣላችሁ። ብርሃኑም ጥሩ ነው። ማታ በመብራት ያየሁት ቡናማ ቦርሳ በማግሥቱ አረንጓዴ ሆኖብኝ ያውቃል። ወደ መዝጊያው ሲቃረብ ደግሞ ሻጩ የሚያስበው ዕቃውን መልሶ ስለመሸከም ነው። ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ የቆዳ ቦርሳ የመሳሰለ ከባድ ነገር ያኔ ይረክሳል። ስለዚህ አንድ ብቻ የሆነ ዕቃ የምትፈልጉ በጠዋት፣ ከባዱን ወይም ብዙ የተደረደረውን የምትፈልጉ ወደ ማታ። ሁለቱንም ከሆነ እንደኔ ቀኑን ሙሉ ትውላላችሁ።

3. የመጀመሪያው ዙር፦ እጅ ኪስ ውስጥ

ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ዙሩ። አትግዙ። ዋጋም ቢሆን ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ አትጠይቁ። በዚህ ዙር የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚደጋገመውን። አንድ ሻጭ «እናቴ በእጇ የሠራችው ነው፣ ሌላ የለውም» ያለው ቦርሳ ከአራት መደብ በኋላ ሦስት ቀለም ሆኖ ተሰቅሎ ካገኛችሁት፣ እናትየው ፋብሪካ አላት ማለት ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ከጅምላ የመጣ ቦርሳም ያምራል። ግን የጅምላ ቦርሳ በእጅ ሥራ ዋጋ አይገዛም።

የወደዳችሁትን መደብ በልባችሁ አትያዙት። ሸራው ሁሉ ይመሳሰላል፣ ስትመለሱ ይጠፋባችኋል። «ቢጫው በር ፊት ለፊት»፣ «ከመብራት ምሰሶው ሦስተኛ» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ አስፈቅዱ። በተለይ የራሳቸውን ሥራ የሚሸጡ ሰዎች ዲዛይናቸው እንዳይሰረቅ ስለሚሰጉ ፎቶ አይወዱም። እውነት አላቸው።

4. ጨርቁን መፈተሽ

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። እዚህ ገበያ ፍርዱን ለእጅ ስጡት። የሚከተለውን ሁሉ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ አታድርጉት፤ ልትገዙት በቆረጣችሁት ላይ ብቻ።

በቀለሙ ጀምሩ። እርጥብ ሶፍቱን ከልብሱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሥር ጊዜ ያህል እሹት። ሶፍቱ ንጹሕ ከሆነ ደህና ነው። ፈዘዝ ያለ ቀለም ከያዘ ለብቻው ይታጠባል ማለት ነው። ደማቅ ሆኖ ከወጣ ተዉት፤ ወይ እንደኔ ሰማያዊ ጭን ይዛችሁ ተመለሱ። ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ግን ትንሽ ቢለቅ አትፍረዱበት። ይህ ቀለም ክሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ እንጂ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ አይደለም፤ የጅንስ ሱሪ ጉልበቱና ጭኑ ላይ የሚነጣውም በዚህ ነው። ኢንዲጎ መሆኑን አውቃችሁ ከገዛችሁ ነጭ ሶፋ ላይ አትቀመጡም፣ በቃ።

ከዚያ ጨርቁን በጭብጣችሁ ጨምድዱና አምስት ቁጠሩ። ስትለቁት ተጨማዶ ከቀረ ጥጥ ወይም ሊነን ወይም ቪስኮስ ሊሆን ይችላል። ምንም እንዳልነካው ወዲያው ከተዘረጋ ፖሊስተር መሆኑን ጠርጥሩ። ፖሊስተር ለዝናብ ካፖርት አሪፍ ነው። ለሙቀት ቀን ቀሚስ ግን ላብ ያፍናል።

«ሐር ነው» የተባላችሁት ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቪስኮስ ነው። ቪስኮስ ከእንጨት የሚሠራ ክር ነው። ያንጸባርቃል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ሲለበስ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል። መጥፎ ጨርቅ አይደለም። ነገር ግን ሲረጥብ ይደክማል፣ ሲታጠብም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ቁመቱ ልክ የሆነ ቪስኮስ አትግዙ፤ አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ ይኑረው። በቀለበት ውስጥ ሻሽ አሳልፈው «ይኸው፣ ፓሽሚና ነው» (ከፍየል ፀጉር የሚሠራ ውድ ሻሽ) የሚሏችሁንም አትስሙ። ስስ የሆነ ማንኛውም ጨርቅ በቀለበት ያልፋል።

እውነቱን የሚነግራችሁ እሳት ነው። ታዲያ ገበያ መሀል ክብሪት እንዳትጭሩ፤ በላያችሁ የተሰቀለው ሁሉ ጨርቅ ነው። ከውስጥ ስፌት ላይ የተረፈ ክር ሻጩን አስፈቅዳችሁ ውሰዱና ሜዳ ላይ፣ ወይም ቤታችሁ ሳህን ላይ አቃጥሉት። ጥጥና ቪስኮስ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታሉ፣ የሚቀረውም ደቃቅ አመድ ነው። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጉብታ ይሆናል። ክር ማስነካት አልፈልግም ያለ ሻጭ መብቱ ነው፤ እናንተም በሐር ዋጋ ያለመግዛት መብት አላችሁ።

አሁን ልብሱን ገልብጡት። እኔ ልብስ የማውቀው ከጀርባው ነው። ጥልፉ በማሽን የተሠራ ከሆነ በጀርባው ከፊቱ የተለየ ቀለም ያለው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ፣ አንድ ወጥ ክር ታያላችሁ። የእጅ ጥልፍ ጀርባው የተዘበራረቀ ነው። ቋጠሮ አለው፣ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ ይዘላል፣ አንዱ ቅጠል ከሌላው ይሰፋል። ሱዛኒ የሚባለውን የኡዝቤኪስታን ጥልፍ ካገኛችሁ ደግሞ መጋጠሚያውን እዩ። በድሮው አሠራር ጠባብ ጠባብ ጨርቆች ለየብቻ ይጠለፉና በኋላ ይገጠማሉ፤ ስለዚህ አበባው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ይስታል። ያ ስህተት ነው ውበቱ።

መስታወት ያለበት ጥልፍ በሕንድ ጉጃራትና ራጃስታን የታወቀ ሙያ ነው። በደንብ ሲሠራ መስታወቱ በሙጫ አይለጠፍም፤ ዙሪያውን ክር ይጠመጠምበትና እንደ ፍሬም ይይዘዋል። በጥፍራችሁ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ ወይም ሥሩ የደረቀ ሙጫ ካለ፣ የእኔ ሦስቱ የት እንደቀሩ ገባችሁ። በጥፍር ስትመቱት ድምፁ ስል ከሆነ መስታወት ነው፤ የደነዘ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ቀለል ስለሚል ለልጅ ልብስ እንዲያውም ይሻላል።

የታተመ ጨርቅም የራሱ ምልክት አለው። ራጃስታን ውስጥ በባግሩና በሳንጋነር እስከ ዛሬ በእንጨት ማህተም ጨርቅ ያትማሉ። የሰው እጅ ማህተሙን አንድ ሺህ ጊዜ ሲያሳርፍ አንድ ሺህ ጊዜ እኩል አያሳርፍም። አንዱ አበባ ከጎረቤቱ በስንጥር ይደራረባል፣ ሌላው ላይ ቀለሙ ይሳሳል። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆነ በማሽን የታተመ ነው። ባቲክ ላይ ደግሞ ጀርባውን እዩ። ባቲክ ሰም ተቀብቶ ቀለም ውስጥ የሚነከር ስለሆነ ቀለሙ በሁለቱም በኩል እኩል ይደምቃል። ጀርባው የነጣ ባቲክ የባቲክ ፎቶ ነው። የኢንዶኔዥያ ባቲክ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ግን የሚሸጠው ያንኑ ባቲክ ነው ማለት አይደለም።

ስፌቱን አትርሱ። ሁለት ጣት ከስፌቱ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በክሮቹ መሀል ብርሃን ከታየ አንድ ቀን ስትቀመጡ ይቀደዳል። የወገቡን ላስቲክ ወጥሩና ጆሮ ስጡት፤ ከተንጣጣ ሞቷል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ዝጉና ክፈቱ።

ልባሽ ከሆነ ሌላ ሦስት ቦታ ይታያል። ብብቱን አሽትቱ፤ የቆየ ላብ በአንድ እጥበት አይወጣም። ልብሱን ወደ ፀሐይ አንሱ፤ ብል የበላው ሱፍ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። ኪሶቹን ገልብጡ። እኔ አንዴ ከኪስ ውስጥ የሰው የቤት ቁልፍ አግኝቻለሁ። እስካሁን ባለቤቱን አስባለሁ።

5. ልኩ

ሜትሩን አውጡና ስልካችሁ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ከዚያ ደርባችሁ ልበሱት። ሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱ፤ ብብቱ ከያዛችሁ ተዉት፣ ብብት ለማስፋት ልብስ ሰፊም ይቸገራል። ወገብና ቁመት ግን ይስተካከላል። ቀሚሱ ረጅም ከሆነ ደረጃ እንደምትወጡ አድርጋችሁ እግር አንሱ። ጠርዙን ከረገጣችሁት ወይ ይቆረጣል ወይ ይቀራል።

አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ማክሰኞ ቀን፣ ሥራ ስሄድ እለብሰዋለሁ? ገበያው ውስጥ ሁሉም ሰው ዘንጦ ነው የሚታየው። ዘርፍ ያለው ሰደርያ እዚያ መሀል የተለመደ ይመስላል። ታክሲ ውስጥ ግን በሩ ላይ ይያዛል።

6. ጌጣጌጡ

ከልብሱ ይልቅ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ወሬውም ብዙ ነው።

ብር ከተባላችሁ «925» የሚል ማህተም ፈልጉ። ከሺህ 925ቱ እጅ ብር ነው ማለት ነው፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፣ ንጹሕ ብር በጣም ለስላሳ ስለሆነ። ማህተም ብቻውን አይበቃም፤ ማህተም መምታት ቀላል ነው። ማግኔቱን አስጠጉት። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ ነገሩ አለቀ። ካልተሳበ ግን ብር ነው አትበሉ፣ ናስና መዳብም አይሳቡም። በነጭ መሐረብ ደጋግማችሁ ጥረጉት፤ ብር ጥቁር ምልክት መተው ይወዳል። «የጀርመን ብር» ወይም «አልፓካ» ከተባላችሁ ውስጡ ብር የለም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ሻጩ ስሙን በግልጽ ከነገራችሁ ጨዋ ነው፣ ዋጋው ይነስ እንጂ ግዙት።

ኒኬል ላይ ግን ልጠንክር። ቆዳው ኒኬል የማይወድ ሰው ብዙ ነው። ጆሮ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ርካሽ ጉትቻ ስትገዙ አበባውን ሳይሆን ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ጠይቁ። እኔ ጉትቻውን ከወደድኩት ገዝቼ ሽቦውን ብቻ በብር አስቀይራለሁ። ትንሽ ፒንሳ ላለው ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰማያዊውን ድንጋይ፣ ተርኳይዝን፣ ሁሉም ይሸጠዋል። አብዛኛው ሃውላይት ይሆናል፤ ነጭ ድንጋይ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ። ምስጢሩ የዶቃው ቀዳዳ ላይ ነው። ዶቃውን ወደ ብርሃን አዙሩና ቀዳዳው ውስጥ እዩ። ከላይ ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ከጠቆረ፣ የተቀባ ነው። የመስታወት ዶቃን ከፕላስቲክ ለመለየት ከንፈራችሁ ላይ አስጠጉት። መስታወት ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ወዲያው ይሞቃል። አምበር የሚባለው ቢጫ ነገር በጣም ቀላል ነው፤ ቤት ወስዳችሁ ጨው በደንብ የሟሟበት ውኃ ውስጥ ብትጥሉት ይንሳፈፋል፣ አብዛኛው ፕላስቲክ ይሰምጣል። አብዛኛው አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም።

የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና ጥቁር ኮራል በምንም ዋጋ አትንኩ። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የእነዚህን ንግድ ይቆጣጠራል። ድንበር ላይ ከተገኘባችሁ ዕቃው ይወረሳል፣ ቅጣትም አለው። «አሮጌ ነው፣ የአያቴ ነው» የሚለው ወሬ ጉምሩክ ላይ አይሠራም።

7. ቆዳ

ባጭሩ፦ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ቃጫ ቃጫ ይላል። አርቴፊሻሉ ላይ ደግሞ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከታች ጨርቅ ይታያል። ከዚያ አሽትቱ። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ሲደርቅ ዝም ይላል፣ ሲረጥብ ይናገራል። በ1960ዎቹ ለንደን ውስጥ ሁሉም የለበሰው የአፍጋን ካፖርት፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ የሆነው የበግ ቆዳ፣ ዝናብ ሲመታው በሚሰጠው ሽታ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። ስለዚህ በእርጥብ ሶፍታችሁ የውስጡን ጥግ አርጥቡና አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ አሽትቱ።

8. ዋጋ መነጋገር

ዋጋ የተጻፈበት መደብ ላይ አትከራከሩ፤ ሁለት ሦስት ነገር ስትገዙ ብቻ «ለሁለቱ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ያልተጻፈበት ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ቁጥር ሻጩ ይጥራ። የናንተን ጣሪያ ግን ከመጠየቃችሁ በፊት በልባችሁ ወስኑ። ከሰማችሁ በኋላ የወሰናችሁት ጣሪያ የእሱ ጣሪያ ነው።

የኔ ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

«ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ነው?»

ይነግረኛል። ዝም እላለሁ። ልብሱን ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ዝምታው ራሱ አንድ ደረጃ ያወርዳል።

«ላንቺ ስለሆነ ነው፣ ከዚህ አይወርድም።»

«እዚህ ጋ ስፌቱ ለቋል፣ አየኸው? አሠራዋለሁ። መጨረሻውን ንገረኝ።»

እንከን ስታሳዩ የእውነት እንከን ይሁን። ዕቃውን ማጣጣል ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየውን ያስቀይማል፣ ዋጋም አያወርድም። ካልተስማማችሁ አመስግኑና ሂዱ። አምስት እርምጃ ሳትሄዱ ከተጠራችሁ ዋጋው ገና ይወርድ ነበር ማለት ነው። ካልተጠራችሁ የመጨረሻውን ነግሯችሁ ነበር፤ ተመልሳችሁ በዚያው ብትገዙ ውርደት የለውም። እኔ ስንቴ ተመልሻለሁ።

ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉ ያልኩት ለዚህ ነው። «ያለኝ ይሄው ነው» ብላችሁ ወፍራም ጥቅል ስታወጡ ማንም አያምናችሁም። ኪስ አውላቂም ያያል።

አንድ ሰው ላይ ግን አልከራከርም፤ የራሱን ሥራ በሚሸጥ ሰው ላይ። እንዴት ይታወቃል? «ይህን እንዴት ሠራሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራችው ሰው ስለ ክሩ፣ ስለፈጀባት ቀን፣ ስለተበላሸባት ነገር ሳትጠየቅ ታወራለች። እጇንም እዩ፤ ጥፍር ሥር ቀለም፣ ጣት ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። ገዝቶ የሚሸጠው መልሱ አንድ ነው፦ «በእጅ ነው፣ በእጅ።»

9. ከፍላችሁ ስትወጡ

መልሱን እዚያው ቁጠሩ። የገዛችሁት ልብስ ከረጢቱ ውስጥ የገባው ያው መሆኑን እዩ፤ ከሥር ሌላ አውጥተው «አዲሱን ልስጥሽ» ሲሉ የፈተሻችሁት እሱ አይደለም። ቦርሳ ከፊት ይያዝ፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ይውጣ፤ በተለይ ሙዚቃው ጋ ሰው ሲሰበሰብ። መመለስና መቀየር እዚህ ብዙም የለም። ቢሆንም ሻጩ በሚቀጥለውም ሳምንት እዚሁ መቀመጡን ጠይቁት።

10. ቤት ከገባችሁ በኋላ

አዲሱን ሁሉ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ እጠቡት። ጨው ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ የሚለቅ የጥጥ ቀለም በዚያ አይቆምም። የሚያቆመው ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ማህተም የታተመበትን ጥላ ሥር አስጡት፣ ፀሐይ ይበላዋል። መስታወት ያለበትን አትጭመቁት፤ ፎጣ ላይ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

ልባሽ ሱፍ ከቁም ሳጥን ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ብሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። አንዷ ሻሽ የደበቀችው ብል የቀረውን ሹራብ ሁሉ ሊጨርስ ይችላልና ይህን አትዝለሉት። የብር ጌጥ ደግሞ አየር በማያስገባ ትንሽ ከረጢት ሲቀመጥ ቶሎ አይጠቁርም።

ሰማያዊው ጉርድ ቀሚስ እስካሁን አለ። ውኃው እስኪጠራ ስምንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። አሁን የማለዳ ሰማይ መስሎ ገርጥቷል፤ እንዲያውም እንደዚህ ነው የምወደው። የቀሩትን መስታወቶች ዙሪያቸውን በክር አጠንክሬያለሁ። ከሦስቱ ባዶ ቦታዎች ሁለቱን ከዚያው ገበያ ባገኘሁት መስታወት ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፍቻለሁ።